ተሳቢ የሚጎትት የቅንጦት ኤሌክትሪክ ሴዳን፦ የቱ ይጎትታል? እየጎተተስ የት ይደርሳል?

የቅንጦት ኤሌክትሪክ ሴዳን ሊገዛ የተነሣ ሰው በመግለጫው ላይ ሁለት ቁጥሮች ያያል። አንዱ መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚጎትት፣ ሌላው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይናገራል። ሁለቱን በአንድነት የሚወስድ ግን ይሳሳታል። ርቀቱ የተለካው ተሳቢ ሳይኖር ነው። የጉተታው ክብደትም መኪናው ምን ያህል እንዲጎትት እንደተፈቀደለት ይገልጻል እንጂ እየጎተተ የት ድረስ እንደሚዘልቅ አይናገርም። ክብደት ፈቃዱን ይወስናል፤ ርቀቱን በዋናነት የሚወስነው ግን ተሳቢው ለነፋስ የሚሰጠው ፊት ስፋት ነው። ስለዚህ ምርጫው ከመኪናው ሳይሆን ከተሳቢው ቢጀምር ይሻላል።

ንጽጽሩን በአውሮፓ ገበያ በተሸጡት ላይ አድርገነዋል፤ ሴዳን ተሳቢ እንዲጎትት በይፋ የሚፈቀደው በብዛት እዚያ ነውና። ከታች ያለው የጉተታ ክብደት የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በሦስቱም የቢኤምደብሊው ሞዴሎች (አይ4፣ አይ5 እና አይ7) ጣሪያው 750 ኪሎ ነው። ርቀቱ በአውሮፓ በሚሠራበት በደብሊውኤልቲፒ መለኪያ የተገኘው ከፍተኛው ሲሆን፣ ባትሪው ደግሞ በትክክል ጥቅም ላይ የሚውለው መጠን ነው።

| መኪና | ጉተታ | ባትሪ | ርቀት ያለ ተሳቢ |
|---|---|---|---|
| ቢኤምደብሊው አይ7 ኤክስድራይቭ60 | 2,000 ኪሎ | 101.7 ኪሎዋት ሰዓት | እስከ 625 ኪ.ሜ. |
| ቢኤምደብሊው አይ5 ኤም60 | 2,000 ኪሎ | 81.2 ኪሎዋት ሰዓት | እስከ 516 ኪ.ሜ. |
| ቢኤምደብሊው አይ5 ኢድራይቭ40 | 1,500 ኪሎ | 81.2 ኪሎዋት ሰዓት | እስከ 582 ኪ.ሜ. |
| ቢኤምደብሊው አይ4 ኢድራይቭ40 | 1,600 ኪሎ | 80.7 ኪሎዋት ሰዓት | እስከ 590 ኪ.ሜ. |
| መርሴዲስ ኢኪውኤስ 450+ (ከ2024 በፊት) | 750 ኪሎ | 107.8 ኪሎዋት ሰዓት | ከ700 ኪ.ሜ. በላይ |
| ፖርሽ ታይካን (ከ2024 ጀምሮ፣ ትልቁ ባትሪ) | አይፈቀድም | 97 ኪሎዋት ሰዓት | እስከ 678 ኪ.ሜ. |

ከሰንጠረዡ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አነስተኛው አይ4 በጉተታ ከታላቅ ወንድሙ ከአይ5 ኢድራይቭ40 በ100 ኪሎ ይበልጣል፤ ስለዚህ የመኪናው ግዝፈትና የዋጋው ውድነት ለጉተታ ዋስትና አይሆኑም። ርቀቱ ረጅም የሆነው ኢኪውኤስም ከ750 ኪሎ አያልፍም። ኢኪውኤስ በ2024 ሲታደስ ባትሪው 118 ኪሎዋት ሰዓት፣ ርቀቱም እስከ 822 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ የጉተታ ፈቃዱም ከፍ ብሏል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የተሠራበትን ዓመትና የሞዴሉን ዓይነት ሳያይ ቀብድ መክፈል የለበትም። ኦዲ ኢ-ትሮን ጂቲም እንደ ታይካን ተሳቢ አይፈቀድለትም። በርቀት ስሙ የገነነው ሉሲድ ኤር ግራንድ ቱሪንግ በአሜሪካው የኢፒኤ መለኪያ 824 ኪሎ ሜትር ገደማ የተመዘገበለት ቢሆንም፣ በዚያ ገበያ የጉተታ ክብደት አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። የጉተታ ፈቃድ ከአገር አገር ይለያያል። ቴስላ ሞዴል 3 በአውሮፓ 1,000 ኪሎ እንዲጎትት ሲፈቀድለት፣ በአሜሪካ ለዚያው መኪና ለዓመታት ምንም ክብደት አልተሰጠም ነበር። ስለዚህ ከሌላ ገበያ የመጣ መኪና ሲገዙ የሚያስተማምነው በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው የክብደት ሰሌዳና የዚያው መኪና መመሪያ መጽሐፍ እንጂ ከኢንተርኔት የተገኘ ቁጥር አይደለም።

ጉልበት እያለው ለምን አይፈቀድለትም?

ታይካን ተርቦ ኤስ ለአጭር ጊዜ 700 ኪሎዋት ድረስ ያወጣል፤ የጎደለው ኃይል አይደለም። አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። በአውሮፓ ደንብ መሠረት የጉተታ ክብደት የሚጸድቀው መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞና ተሳቢውን ጎትቶ፣ 12 በመቶ ዳገት ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ቆሞ መነሣት ሲችል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ያን ጉልበት በዝግታ እየሄደ ለረጅም ጊዜ ሲያወጣ በሽቦዎቹና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ በሚለውጠው ኢንቨርተር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይበዛል፣ ሙቀቱም ይከማቻል። ለአጭር ፍጥነት የተሠራ ማቀዝቀዣ የረጅም ዳገትን ሙቀት ላያወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የኋላው አካል ነው። ጋንቾው፣ ማለትም ተሳቢው የሚያያዝበት መንጠቆ፣ የሚታሰረው በባምፐሩ ላይ ሳይሆን ከሻሲው ጋር በተያያዘ የብረት ምሰሶ ላይ ነው። ያ ምሰሶ ሲነደፍ ካልታሰበበት፣ በኋላ የሚገጠም ጋንቾ ከኋላ ግጭት ሲደርስ ጉልበቱ የሚበተንበትን መንገድ ያበላሻል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ገዢ የሚረሳው ነው። ባትሪው ራሱ ከባድ ስለሆነ የመኪናው ባዶ ክብደት ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ብዙም አይርቅም፤ አይ7 ለምሳሌ ባዶውን 2,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተሳቢው ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ከ75 እስከ 100 ኪሎ የሚደርስ ጫና ከመኪናው ጭነት ላይ ይቆጠራል፤ ከኋላ አክስሉ ጀርባ ስለሚያርፍም በአክስሉ ላይ ከዚያ የበለጠ ሆኖ ይሰማል። አምስት ሰውና የሞላ ሻንጣ ይዞ ካራቫን (ተጎታች ማደሪያ ቤት) የሚጎትት ሰው የተሳቢውን ጣሪያ ሳይነካ የኋላ አክስሉን ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል።

እየጎተተ የሚሄደው ርቀት

2.4 ቶን የሚመዝን ሴዳን በሜዳ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሲሄድ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ከጀርባው 1.5 ቶን የሚመዝን ረጅም ካራቫን ሲታሰር ስሌቱ ወደ 37 ይወጣል። ከተጨመረው ፍጆታ ውስጥ ክብደቱ በጎማ ግጭት የሚወስደው አንድ አራተኛውን እንኳ አይሞላም፤ የቀረው የነፋስ ነው። የሴዳኑ አካል ነፋስን እንዲያንሸራትት ተጠንቅቆ የተቀረጸ ነው፤ ካራቫኑ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ሲቆም ያ ሁሉ ልፋት ዋጋ ያጣል። ብቻውን ብዙ የሚጓዝ ሴዳን በጉተታ ጊዜ ከሌላው በበለጠ የሚያሽቆለቁለውም ለዚህ ነው፤ የርቀቱ ምንጭ ቅርጹ ነበርና።

ስለዚህ የተሳቢው ቅርጽ ከክብደቱ ይበልጣል። ያው 1.5 ቶን ከመኪናው ጣሪያ በማያልፍ ዝቅተኛ ተሳቢ ላይ ቢጫን ፍጆታው 23 ገደማ ነው። 750 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ የጭነት ሳጥንም ከ21 ብዙ አይርቅም። ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ ልዩነቱ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

መንገድ ላይ በተግባር የምንጠቀመው ከ80 እስከ 10 በመቶ ያለውን የባትሪ ክፍል ነው። ከ80 በኋላ ቻርጁ ይዘገያል፤ ተሳቢ ይዞ ከ10 በታች መውረድ ደግሞ አደጋ አለው። በዚህ ስሌት አይ7 ካራቫን እየጎተተ በሁለት ቻርጀሮች መካከል 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አይ5 እና አይ4 150 አካባቢ ናቸው። በትንሿ ሳጥን ግን አይ7 ወደ 335 ይደርሳል፤ የቀድሞው ኢኪውኤስም የሚፈቀድለት ይህችው ሳጥን ስለሆነች 355 ገደማ ይሄዳል።

ፍጥነት እዚህ ላይ ትልቅ መሣሪያ ነው። የአይ7ን 190 ኪሎ ሜትር ወስደን ፍጥነቱን ወደ 80 ብናወርደው 220 ይሆናል፤ ወደ 100 ብናወጣው 167 ላይ ይወድቃል። በ90 እየሄዱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣ ደግሞ ርቀቱ ወደ 146 ይወርዳል። ከመነሣት በፊት የነፋሱን አቅጣጫ ማየት የትራፊክ መጨናነቅን ከማየት አያንስም።

ዳገት የራሱ ሒሳብ አለው። መኪናው፣ ካራቫኑና ተሳፋሪው በአንድነት 4.1 ቶን ቢሆኑ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ መውጣት ከባትሪው 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ከሜዳው ፍጆታ በላይ የሚደመር ነው። በቁልቁለት ከዚህ የተወሰነው ይመለሳል፣ ግን ሙሉው አይደለም። ተራራ ላይ አድሮ ጠዋት የሚወርድ ሰው ባትሪውን 100 በመቶ መሙላት የለበትም፤ የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። 85 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል።

ቻርጅ ሲደረግ

ከ10 ወደ 80 በመቶ ለመሙላት አይ7 34 ደቂቃ፣ አይ5 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 430 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በካራቫን እንውሰድ። አይ7 በሙሉ ባትሪ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ሞልቶ ይደርሳል፤ አይ5 ኤም60 ሁለት ጊዜ መቆም አለበት። የፈጣን ቻርጀር ማቆሚያዎች በብዛት ለአንድ መኪና የተመጠኑ ስለሆኑ፣ በየማቆሚያው ተሳቢውን ፈትቶ ሌላ ቦታ ማቆም፣ በኋላም መልሶ ማሰር ያስፈልጋል። ተፋጥኖ የሚሠራ ሰው እንኳ ለዚህ 10 እና 15 ደቂቃ ያወጣል። የባትሪው ትልቅነት እውነተኛ ጥቅም ይህን ሥራ አንድ ጊዜ መቀነሱ ነው።

የቻርጅ ሶኬቱ ያለበት ቦታም ሊታይ ይገባል። አይ4፣ አይ5፣ አይ7 እና ኢኪውኤስ ሁሉም በቀኝ የኋላ ጎን ነው ያላቸው። ስለዚህ ተሳቢ ታስሮ ወደ ማቆሚያው በኋላ መግባት አይታሰብም፤ የሚያዋጣው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቻርጀር ነው። እንዲህ ያሉትን በመንገዱ ላይ አስቀድሞ ምልክት ማድረግ ይበጃል።

ሲገዙና ሲያስሩ

ጋንቾውን ከፋብሪካ ያዝዙ። በኋላ ማስገጠም ብረቱን ማሰር ብቻ አይደለም፤ የሽቦ መስመር፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ የሶፍትዌር ለውጥና እንደ አገሩ ሕግ ማጽደቂያ ይከተለዋል። በትክክል የተገጠመ ጋንቾ ባለ13 ፒን ሶኬት አለው፤ ተሳቢው ሲሰካ መኪናው ያውቃል፣ የኋላ ሴንሰሮቹን ያጠፋል፣ የተሳቢ መወዛወዝ መቆጣጠሪያውን ያነቃል። ሽቦው ከመብራት ብቻ ጋር የተቀጠለ ርካሽ ሥራ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ መኪናው ተሳቢ መኖሩን አያውቅምና።

ተሳቢው ሲጫን ከባዱ ዕቃ በአክስሉ ላይ ይሁን። ወደ ኋላ ከተጫነ የጋንቾው ጫና ይቀልና በ80 እና በ90 ፍጥነት መወዛወዝ ይጀምራል። ጫናውን ለማወቅ ከማሰር በፊት የተሳቢውን አፍ በጋንቾው ከፍታ ሚዛን ላይ ማሳረፍ በቂ ነው። የኋላ ጎማዎች ንፋስ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ልክ ይሞላ። የአየር ሰስፔንሽን ያለው መኪና ጀርባው ሲወርድ ራሱን ያቃናል፤ ይህ ግን ክብደቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ጭነትን ከዓይን ሊሸሽግ ይችላልና።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የቀሪ ርቀት ግምት ያለ ተሳቢ ከተነዳው መንገድ የተሰላ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን 20 እና 30 ኪሎ ሜትሮች አይመኑት። ከዚያ ይልቅ የፍጆታውን ቁጥር ይዩ፤ የቀረውን ኪሎዋት ሰዓት በ100 ኪሎ ሜትር ለሚታየው ፍጆታ አካፍለው በ100 ያባዙ።

የመንጃ ፈቃድም አለ። በአውሮፓ ኅብረት በተለመደው የቢ ፈቃድ የመኪናና የከባድ (ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ) ተሳቢ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት ከ3,500 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ በቢ96 እስከ 4,250 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ቢኢ ያስፈልጋል። አይ7 ብቻውን ወደ 3,250 ስለሚጠጋ 1.5 ቶን ካራቫን ሲጨመርበት ቢኢ ግድ ነው። 2,600 ገደማ የሆነው አይ4 ግን በቢ96 ይበቃዋል።

ስለዚህ ካራቫን ይዞ በየወሩ ረጅም መንገድ ለሚወጣ ከእነዚህ መካከል አይ7ን እንመርጣለን፤ ባትሪውን በቀጥታ ወደ ጥቂት ማቆሚያ ይለውጠዋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ጀልባ ወይም ዝቅ ያለ ጭነት ለሚጎትት አይ4 ኢድራይቭ40 ከበቂ በላይ ነው፤ ለአይ5 ኢድራይቭ40 የሚጨመረው ገንዘብ ለምቾትና ለስፋት እንጂ ለጉተታ አይሆንም። አይ5ን የፈለገና ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚጎትት ወደ ኤም60 ወይም ሁለት ሞተር ወዳለው ኤክስድራይቭ40 ይለፍ። ታይካን ለሚወድ ሰው የሚቀርበው ከኋላ የሚገጠም የብስክሌት መያዣ ነው፤ እሱንም ለተሳቢ ጋንቾነት መጠቀም አይፈቀድም።