የአሜሪካ ሴኔት የድምፅ መዝገብ፦ ለፓርቲ ወይስ ለኅሊና?
አንድ ሴናተር ከፓርቲው ተለይቶ መቆሙን በራስ ዓይን ለማየት የሴኔቱን ድረ ገጽ የሚያህል የለም፤ በነጻ ነው። የ117ኛውን ኮንግረስ (የ2021–2022 የምክር ቤት ዘመን) የመጀመሪያ ዓመት ጉባኤ መርጠው ድምፅ ቁጥር 59ን ይክፈቱ፦ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2021 በትራምፕ ላይ በቀረበው የኢምፒችመንት ክስ (ምክር ቤቱ ባለሥልጣንን የሚከስበት ሥርዓት) ሴኔቱ የሰጠው ፍርድ ነው። 57 «ጥፋተኛ»፣ 43 «ጥፋተኛ አይደለም» አሉ፤ ለማስፈረድ 67 ያስፈልግ ነበር። ስሞቹን በፊደል ተራ ሳይሆን በሰጡት ድምፅ ተደርድረው ይዩ። ከየስሙ ጎን የፓርቲው ምልክት ስላለ፣ ከራሳቸው ፓርቲ፣ ያኔ ሥልጣን ከለቀቀው ፕሬዚዳንት ጋር የተጋፈጡት 7 ሪፐብሊካኖች ወዲያው ይታያሉ። ይህን ድፍረት በስም መዝግቦ ማቆየቱ ትልቅ ውለታ ነው።

ጉድለቱ፦ በጋራ በቃል የሚሰጥ ድምፅ ስም አይመዘገብለትም። ክርክር ለመዝጋት የተሰጠ ድምፅም ሕጉን ለማጽደቅ ከሚሰጠው ድምፅ ጋር ይምታታል፤ ለምን እንደተሰጠ የሚገልጸውን መስመር አስቀድመው ያንብቡ።