ፒፒአር፣ ጋልቫናይዝድ ወይስ ፔክስ? ለሙቅ ውሃ ዙር ቱቦ ስትገዙ

ከቦይለር ወጥቶ ቤት የሚያሞቁ ራዲያተሮችን ዞሮ ለሚመለስ ሙቅ ውሃ ቱቦ ስንገዛ ዓይናችን የሚያርፈው ጎኑ ላይ በታተመው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ግን ይሸውዳል። 20 ሚሊሜትር ፒፒአር (ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ) እና 20 ሚሊሜትር ፔክስ (የሚታጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ) ከውጭ እኩል ናቸው፤ ቀዳዳቸው ግን ይለያያል። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ወፍራሙ ፒፒአር 3.4 ሚሊሜትር ግድግዳ ስላለው ውስጡ 13.2 ብቻ ይቀራል። ፔክሱ ግድግዳው 2 ስለሆነ ውስጡ 16 ነው።

ለዚህች ልዩነት ይሄን ያህል ምን አስጨነቀን? የውሃው መጠን ሳይቀየር ቀዳዳው በግማሽ ቢጠብ የሰበቃ ኪሳራው፣ ማለትም ውሃው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ የሚባክነው ግፊት፣ ወደ 30 እጥፍ ያድጋል። ለዚህ ነው።

ይህን ኪሳራ በሚያሰላው የዳርሲ-ዋይስባክ ቀመር አስልቼዋለሁ። 50 ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ በደቂቃ 10 ሊትር። ውሃው ዞሮ ሲመለስ 10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ይህ ወደ 7 ኪሎዋት ሙቀት ያደርሳል። ፔክሱ 2.7 ሜትር ገደማ ግፊት ይበላል (ግፊቱ የሚለካው በውሃ ከፍታ ነው)። ፒፒአሩ 6.7። ግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት)፣ ውስጡ 16 አካባቢ ነውና፣ 4.2።

አያችሁ? ሻካራው ብረት ልስልሱን 20 ፒፒአር በለጠው። ልስላሴ ጥሩ ነው፤ ስፋት ግን ይበልጣል። ብረቱን ግዙ እያልኩ አይደለም። የ4.2ቱ ስሌት ለአዲስ ቱቦ ነው፤ ዝገት ሲይዘው ኪሳራው ይጨምራል።

ፔክስ ስለሚታጠፍ ብዙ ኤልቦ (የማዞሪያ መገጣጠሚያ) አይፈልግም። መገጣጠሚያው ግን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቀዳዳውን ያጠባል፤ ስለዚህ በየቦታው አትቀጥሉት። ለዝግ ዙር፣ ማለትም ያው ውሃ እየተመላለሰ ለሚዞርበት፣ ኦክስጅን የሚከላከል ሽፋን ያለው ይሁን፣ አለዚያ ቦይለሩና ራዲያተሩ ይዝጋሉ።

ፒፒአር ከወደዳችሁ 25ቱን ውሰዱ። ውስጡ 16.6 ነው፤ ኪሳራው ወደ 2.2 ሜትር ይወርዳል። 20ውን ገዝቶ በትልቅ ፓምፕ ማካካስ ለእኔ አይዋጥልኝም። ቱቦ የሚገዛው አንዴ ነው፣ ፓምፑ ግን በሠራ ቁጥር መብራት ይበላል።

ፓምፕ ስትመርጡ ደግሞ የፎቅ ከፍታ አትደምሩ። ዝግ ዙር ውስጥ የሚወርደው ውሃ የሚወጣውን ያመዛዝነዋል፤ ፓምፑ የሚታገለው ሰበቃን ብቻ ነው። ውሃው ላይ ግላይኮል (በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) ከጨመራችሁ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ስሌቱም እንደ አዲስ ይሠራል። ለዚያ ሌላውን የሰበቃ ቀመር፣ የሄዘን-ዊልያምስን፣ አትጠቀሙ፤ የተሠራው ለተራ ውሃ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ካሊፐር (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ) ያዙ። የውስጡን ለኩና ግዙ።