የፈለግከው ፊደል ወይስ ያልፈለግከው ፎቶ፦ ዓይንን የሚጋርደው የቱ ነው?

በ1 ሴኮንድ 10 ምስል ያህል ፊትህ ላይ እየተፈራረቀ ያልፋል እንበል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የእነ ጄን ሬይመንድ የ1992 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ በፊደላት የተሠራ ነው። ከጥቁር ፊደላት መሃል ነጯን ትለያለህ፤ ከዚያ ኤክስ መጥታ እንደሆነ ትጠየቃለህ። ነጯን የያዘ ሰው በግምት ከ200 እስከ 500 ሚሊሴኮንድ ቆይታ የምትመጣውን ኤክስ ብዙ ጊዜ ያልፋታል። ወዲያው ተከትላ ብትመጣ ግን ብዙም አታመልጠውም።

ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ እነ ስቲቨን ሞስት፣ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት ይለያል። እዚህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመልክዓ ምድርና ከሕንፃ ፎቶዎች መሃል ወደ ጎን የተጋደመውን። ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ? ከእሱ 200 ሚሊሴኮንድ ቀድሞ የቆሰለ ሰው ፎቶ ብልጭ ካለ፣ የተጋደመው ፎቶ ዓይንህ ሥር አልፎ ልብ ሳትለው የመቅረት ዕድልህ ይጨምራል። የቆሰለውን ሰው እይ ያለህ ግን የለም። ክፍተቱ 800 ሚሊሴኮንድ ሲደርስ ግርዶሹ በአብዛኛው ይለቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። በፊደሉ ቢያንስ የፈለግከውን አግኝተሃል። በፎቶው ግን ምንም ሳታገኝ ነው የምታጣው። ስልክህን በፍጥነት ወደ ላይ ስታንሸራትት አንድ የአደጋ ምስል ቢያልፍ፣ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አይቼዋለሁ ብለህ አትመን።