ፈረስ ልትገዙ ካሰባችሁ ከጋሼ ባልደራስ ጋር አንድ ማለዳ አሳልፉ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው በጃንሜዳና በባልደራስ አካባቢ ለሚሠሩትና ሁላችንም «ጋሼ ባልደራስ» ለምንላቸው አባት ነው። ጥቆማው ደግሞ የመጀመሪያ ፈረሳችሁን ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ። እሳቸው ከገዢ ጋር ሄደው ፈረሱን ይመረምራሉ፤ ሂሳባቸውን ከገዢው ብቻ ይቀበላሉ፤ ከሻጭ ኮሚሽን አይነኩም። «ይሄን ተወው» ለማለት የማያቅማሙትም ለዚህ ነው።

ሻጭ ፈረሱን አጥቦ፣ ጋማውን አበጥሮ፣ ኮርቻ ጭኖ፣ አሟሙቆ ነው የሚያሳየው። ጋሼ ግን ፈረሱ ገና ከጋጣ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ትንሽ የሚያነክስ ፈረስ ግማሽ ሰዓት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሰውነቱ ይፍታታና ደህና ሊመስል ይችላል።

ቀድመው የሚያዩት ሰኮናውን ነው። መዳፋቸውን በየተራ ያሳርፉበታል፤ አንዱ ከሌሎቹ ከሞቀ ቆም ይላሉ። ከዚያ እግሩን አንስተው ጭቃውን ከተረከዙ ወደ ፊት ይጠርጉና ያሸቱታል። ጥቁር፣ የሚሸት ፈሳሽ ካለ ፈረሱ እርጥብ ፋንድያ ላይ ሲቆም ከርሟል ማለት ነው፤ ይድናል፣ ግን የባለቤቱን አያያዝ ይናገራል። ከታች ከጠርዙ የተነሳ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ኮቴው በወቅቱ ስላልተከረከመ የሚመጣ ነው (በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መከርከም አለበት)። ከላይ ፀጉሩ ካለቀበት የሚጀምር ስንጥቅ ግን ከባድ ነው። ሰኮና የሚያድገው ከዚያ ነው፤ እድገቱም በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ወርዶ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ቀጥሎ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስሮጡታል። እዚህ ላይ የአፍሳሩ ገመድ እንዲላላ አጥብቀው ያዝዛሉ፤ ጭንቅላቱ አጥብቆ ከተያዘ ማነከሱ ይደበቃል። ያመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል።

ዕድሜው ከጥርሱ ይነበባል። 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ተቀይረዋል። ከላይኛው የዳር ጥርስ ድድ ሥር ቡናማ መስመር ብቅ ካለ ወደ 10 ዓመት ግድም ነው፤ መስመሩ ግማሽ ከደረሰ 15። ለጀማሪ የሚመክሩት ከ8 እስከ 15 ዓመት ያለውን ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ነው እንጂ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) አይደለም። የሚያምር ዳማ ድንጉላ ልብ ይሰርቃል፤ ነገር ግን ባዝራ (ሴት ፈረስ) ሲሸተው ጀማሪ ልጓም ይዞ አያቆመውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ክብደት ላይ ነው። ጋሼ ሜትር ይዘው ይመጣሉ። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለካሉ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ይለካሉ። ዙሪያውን በዙሪያው፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝታችሁ ለ11,880 ብታካፍሉ ግምታዊ ኪሎውን ታገኛላችሁ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 160 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 283 ኪሎ ነው። ፈረስ ከነኮርቻው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይሻላል፤ ይህ ፈረስ እንግዲህ ወደ 56 ኪሎ ነው የሚችለው። 70 ኪሎ ሰው ከ8 ኪሎ ኮርቻ ጋር ቢያንስ 390 ኪሎ ፈረስ ያስፈልገዋል። ይህን ያላሰበ ገዢ ትንሹን የአገር ፈረስ ጀርባውን ያበላሸዋል። ጋማው በሚያልቅበት ጉብታ ላይ ነጫጭ ፀጉር ካያችሁ የቆየ ገጣባ (የኮርቻ ቁስል) ምልክት ነው፤ ኮርቻ በልኩ አልተመረጠለትም ነበር።

በሽታን በተመለከተ እጃቸውን ከእግሩ ውስጠኛ ክፍል እስከ ደረቱና አንገቱ ይሰዳሉ። እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ወይም መግል የሚያፈስ ቁስል ካገኙ ንድፍት የሚባለው ተላላፊ በሽታ ነው ብለው ይጠረጥራሉ፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ፣ ኮርቻና ብርድ ልብሱንም አትዋሱ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታልና መቼ እንደተከተበ ጠይቁ። የመጨረሻውን ቃል ግን የእንስሳት ሐኪም ይስጥበት፤ ጋሼ ራሳቸው የሚሉት ይህንን ነው።

ከግዢው በኋላ የሚሰጡት ምክርም ወርቅ ነው። መሃል አዲስ አበባ ፉርሽካ በየሱቁ ስለሚገኝ ብዙዎች እሱን ብቻ ያበሉታል። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ለወራት ብቻውን ከተበላ ካልሲየም ከአጥንት እየተሳበ ይወጣል፣ የገጹ አጥንት ያብጣል፣ ፈረሱም ያነክሳል። የ283 ኪሎው ፈረስ ዋና ቀለብ በቀን 5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ነው፤ ውሃ ከ20 ሊትር በላይ፣ አሞሌ ጨውም አጠገቡ ይቀመጥለት። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ምግብ በድንገት ከተቀየረበት የሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። ከሻጩ የአንድ ሳምንት ድርቆሽ አብራችሁ ግዙና ከአዲሱ ጋር እያደባለቃችሁ ቀይሩለት።

ጋሼን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ስትደውሉላቸው ኪሎአችሁን፣ ከዚህ በፊት ጋልባችሁ እንደሆነና ፈረሱ የሚያድርበትን ቦታ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጋጣ ሳታዘጋጁ ግን አብረዋችሁ አይሄዱም። እናመሰግናለን ጋሼ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።