ፈጢራው ግሩም ነው፤ ሐኪም ወርቅነህን ግን ጠረጴዛ ሥር ወተፉብኝ

እጄን ታጥቤ ስመለስ ጠረጴዛው መነቃነቁን ትቷል። ደስ አለኝ። ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተናግሬ ነበርና «ጎሽ፣ ሰምቶኛል» አልኩ በሆዴ። ሻዩ ሳይፈስ ቆሟል፣ የፈጢራው ሳህንም ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። መነጽሬን አደረግኩና መጽሐፌን ፈለግኩ። ወንበሩ ላይ የለም። ከስኳር ዕቃው ጀርባ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አጭሩ የጠረጴዛ እግር ሥር ተወትፏል።

ፈጢራውን የበላሁበት ቤት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትመጡ ይገባችኋል።

አስተናጋጁን ጠራሁት። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትሪውን በብብቱ ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቱ ፋዘር?»

«እግሩ ሥር ያለው!»

«እ… እሱ? ጋዜጣ መስሎኝ ነው። እርስዎ አይደሉም ይነቃነቃል ያሉት?»

«ጋዜጣ እንዲህ ይወፍራል? ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ነው እኮ!»

ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገና «ግን አሁን አይነቃነቅም» አለኝ።

ልክ ነው፣ አይነቃነቅም። የበለጠ ያበገነኝም እሱ ነው። መጽሐፉን ስቤ ሳወጣ ጠረጴዛው ዘመም አለና ሻዩ እንዳለ ተደፋ። ይሄን ሻይ ያዙልኝ፤ ሂሳቡ ላይ እንመለስበታለን።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። መጽሐፍ በጋዜጣ እለብዳለሁ። ልማዱ የአባቴ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ከእጁ ግራሶ አይጠፋም፤ ስለዚህ መጽሐፍ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ይለበዳል፣ ከዚያ ነው የሚገለጠው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ለባዳው ሌላም ጥቅም ነበረው፦ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ምን እንደምታነብ አያውቅም። ዛሬ ማንም አይከታተለኝም፣ ቢከታተለኝም ይሰለቸዋል፤ እጄ ግን ለምዷል። አዲስ መጽሐፍ ገዝቼ ስመለስ መጀመሪያ የምፈልገው ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣውም እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም፣ ከሥጋ ቤት ለምኜ ነው የማመጣው። እንግዲህ ልጁ ያየው የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ይቅር ልለው ይገባ ነበር፣ «እርስዎ» ባይለኝ ኖሮ።

ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄን ይረዳኛል። እኛ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አዛውንት «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ባለጌ አደረጉን ብሎ ይሄዳል። ንቀት ግን የለበትም፣ ቅርበት ነው። እኔ «እርስዎ» የምባለው ባንክ ቤትና ሐኪም ቤት ነው፣ ከሁለቱም ጥሩ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ «ፋዘር»! አቦ፣ አንተ ብለህ ስደበኝ እንጂ!

አሁን ጠረጴዛው ሥር ማን እንደተኛ ልንገራችሁ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ እዚያ የተገኘ ሕፃን ነበር። መኮንኖቹ ህንድ ወሰዱት፣ ስሙ ቻርልስ ማርቲን ሆነ፣ ላሆር ሕክምና ተማረ፣ በርማ ሄዶ ሠራ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ አማርኛው ጠፍቶበታል፤ ዘመዶቹ የለዩት በልጅነት ጠባሳው ነው። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ የእናቱን ቋንቋ እንደገና ተማረ። እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ እቀመጣለሁ። ኋላ የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ። ከድሬ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ምሳ የምንበላባት የዛሬዋ ጭሮ፣ የትናንቷ አሰበ ተፈሪ፣ መቀመጫቸው ነበረች። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ደግሞ ለንደን ሆነው ኢትዮጵያን ይወክሉ ነበር። ከመቅደላ ጦርነት የተረፉ ሰው፣ ከዚራ ላይ የጠረጴዛ ሽብልቅ ሆኑ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በሃያ ዓመቴ የማደንቃቸው የልብ ወለድ ሰዎች ነበሩ፤ ለሴት ሲሉ የሚሞቱ፣ ለአገር ሲሉ የሚሞቱ፣ ብቻ የሚሞቱ። አሁን ማንም እንዲሞትልኝ አልፈልግም። ዘግይቶ የጀመረ፣ ተሳስቶ የተመለሰ፣ በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው የምወደው። ሼህ በክሪ ሳጳሎን ውሰዱ። ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል የፈለሰፉት እድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነው፤ በዚሁ በድሬም በቁም እስር ቆይተዋል። በዚህ ሙቀት፣ ከቤት አትውጣ ተብሎ! ስለሳቸው ያነበብኩ ቀን ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የትኛው ሰፈር ይሆን እያልኩ ሳስብ አመሸሁ።

ወደ መጽሐፍ ያመጣኝ ግን መጽሐፍ አይደለም፣ ራዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለድ ሲተርክ ሰፈራችን ጸጥ ይል ነበር። ጎረቤቶቻችን ራዲዮ ስላልነበራቸው መስኮታችን ይከፈታል፣ ውጭ በርጩማ ይደረደራል። አንድ ሰው ብቻውን ሴትም፣ ሽማግሌም፣ ቄስም ሲሆን ስሰማ «ይሄ ሁሉ ሰው የት ነው ያለው?» ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። «ወረቀት ላይ» አለኝ። እስከ ዛሬ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ የወጋየሁን ድምፅ እየፈለግኩ መሆኔን አያውቁም።

ይቅርታ፣ ፈጢራው።

ፈጢራው ግሩም ነው። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ የወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ ሴትዮዋ ስትሠራ አይቻለሁ። የሊጡን እንክብል ዘይት በተቀባ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አኑራ በመዳፏ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ጠርዙን ይዛ ወደ ውጭ ትስበዋለች፣ ትስበዋለች፣ ታችኛው ብረት እስኪታይ ድረስ። እኔ ይቀደዳል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተቀደደም። እንቁላሉን መሃሉ ላይ አፍስሳ አራቱን ጎን እንደ ፖስታ አጠፈችው፣ ምጣድ ላይ ገለበጠችው፣ ከዚያ በቢላ ከታተፈችው። ጠርዙ አፍ ውስጥ ኮሽ ይላል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው፣ ዘይቱ እጅ ላይ አይዘንብም። እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ውስጥ ለዓመታት የምበላበት ቤት አለ፣ እዚያ ፈጢራው ወፍራም ነው፣ ሁለት ቁራሽ ከበላህ እስከ ማታ አይርብህም፤ የዚህኛው ግን ሌላ እጅ ነው። ሀረር ፈረስ መጋላ አካባቢ የሚሠራውን የሚያስንቅ ነው ብል ሀረሮች ይጣሉኛል፣ ስለዚህ አልልም።

ግን ማሩ! ፈጢራ 180 ብር ይላል። እሺ፣ ዘመኑ ነው። ማር ስጠይቅ «በተጨማሪ 40 ብር ነው» ተባልኩ። ፈጢራ ያለ ማር ምንድነው? ያ የመጋላው ቤት ማሩን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ይመጡና ሳይጠይቁህ ያፈሱልሃል፣ በቃኝ እስክትል። እዚህ በትንሽዬ ስኒ፣ በማንኪያ ተለክቶ መጣ። ሁለት ጠብታው ደግሞ ገጹ ላይ አረፈ። የኔ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ፤ ማርና መጽሐፍ አንድ ላይ የሚይዝ ሰው የሚገባውን ነው የሚያገኘው።

ሂሳቡ ሲመጣ 280 ብር። ፈጢራ 180፣ ማር 40፣ ሻይ ሁለት ጊዜ 30። አንዱ ሻይ ያ የተደፋው ነው። የተደፋው ለምን ይታሰብብኛል ብዬ ብጠይቅ «ጠረጴዛውን የነቀነቁት እርስዎ ነዎት» አለ። ከፈልኩ። ጉርሻ ሳልተው ወጣሁ፤ እኔ ጉርሻ ሳልተው የምወጣ ሰው አይደለሁም።

ቤቴ ገብቼ ለባዳውን ፈታሁት። የጀርባው ሽፋን ላይ የጠረጴዛው እግር ክብ ሆኖ ታትሟል፣ ልክ እንደ ቀበሌ ማኅተም። ከኋላ ያሉት አሥራ አምስት ያህል ገጾችም ጎድጎድ ብለዋል፤ በጣት ሲዳሰሱ ይታወቃሉ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሀረር ወስጄ ማስጠገን ነበር። ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት ባለው ሙዚየም የአብዱላሂ ሸሪፍን ስብስብ ያየ ሰው መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚከበር ያውቃል። ሰውየው በራሳቸው ጥረት ያሰባሰቧቸው፣ በእጃቸው የጠገኗቸው የድሮ ሙስሐፎች፣ በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖች፣ አሉ፤ የቆዳ ሽፋናቸው ከጎን መክደኛ ምላስ አለው፣ መጽሐፉን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ የሚይዝ። እኔ ደግሞ የፋብሪካ ሽፋን፣ በሥጋ ቤት ጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ ይዤ እዚያ ልሄድ! አፈርኩና ተውኩት።

እያደር ደግሞ ሰዓቱን አሰብኩት። የሄድኩት እሑድ ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል ነው። የወጣሁት 6 ሰዓት ሲሆን። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በአንድ ፈጢራ! በር ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፣ አይቻቸዋለሁ፣ አይቼም ገጽ ገለጥኩ። አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ አንድ ጊዜ እንዲህ ብቀመጥ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ምን ይጨመር?» ተብዬ ተነስቻለሁ። ይሄ ልጅ አንዴም አላለኝም። እንዲያውም ሙቀቱ ሲበረታ ሳልጠይቀው ቬንትሌተሩን ወደኔ አዞረው። ንፋሱ ገጹን እየገለበጠ ሲያስቸግረኝ ደግሞ ከሌላ ጠረጴዛ የስኳር ዕቃ አምጥቶ ገጹ ላይ አስቀመጠልኝ። መጽሐፍ መሆኑን ያኔ አላየም ማለት ነው? ወይስ አይቶ ረሳው? ይሄን እስከ ዛሬ መፍታት አልቻልኩም።

እናም በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ለፈጢራው ነው የሄድኩት ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ያው ጠረጴዛ ነው የተገኘው፣ አሁንም ይነቃነቃል፤ በሳምንት ውስጥ አንድ ካርቶን አጥፎ የሚያስገባ ሰው ጠፍቷል። ልጁ ከሩቅ አየኝ፣ ትሪውን አስቀምጦ መጣ። መጀመሪያ ያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። ይዤ የሄድኩት ቀጭን የግጥም መጽሐፍ ነበር፣ ያለ ለባዳ።

አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ አትበቃም» አለ። «ያንን ወፍራሙን ለምን አላመጣኸውም?»

አላመጣኸውም! በሳቅ ፈረስኩ። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ከኪሱ የትእዛዝ ወረቀቱን ደብተር አውጥቶ ግማሹን ገነጠለና አጣጥፎ እግሩ ሥር ከተተው። ጠረጴዛው ቆመ። ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመ፤ ግጥሙን ጨረስኩት።

ለአንባቢ የሚሆን ነገር ልንገር፦ እሑድ አትሂዱ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ባዶ ነው። የወጥ ቤቱን መስኮት ፊት ለፊት ያዙ። እጃችሁን ልትታጠቡ ስትነሱ መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ተነሱ። ጉርሻ ተዉለት።

ማሩ አሁንም 40 ብር ነው።