ጓሳ ወይስ አንኮበር? ከልጆች ጋር የአንድ ቀን ጉዞ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ቤተሰቡን በእግር ሊያንሸራሽር ላሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠሩለት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ አንኮበርና መንዝ ጓሳ። ብርድ በሁለቱም አለ!

አንኮበር ቅርብ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቁርስ ተበልቶ ቢወጣ ይደረሳል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ የሚወስደው አቀበት አጭር ነው፤ ልጅ እያረፈ ይወጣዋል። ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ የአፋር አቅጣጫ ቆላ ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል። ጭጋግ ከመጣ ግን ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ማልዶ መውጣት ነው።

ጓሳ ሌላ ነገር ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ልጆች ቶሎ ይደክማሉ፣ ራስ ምታትም ሊይዛቸው ይችላል። ያየ ግን አይረሳውም። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቀጥ ብሎ ቆሞ። ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ይታያል። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። መንዜዎች አጨዳውን በየጊዜው እየከለከሉና እየፈቀዱ ለዘመናት ጠብቀውታል። ይህን ለልጅ መንገር ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ደርሶ መልስ ቀኑን ይበላዋል። እኔ ብሆን ትንንሾቹን ይዤ አንኮበር እሄዳለሁ። ጓሳን ማደር ለሚቻልበት ጊዜ አቆየዋለሁ፤ ያኔም ጋቢ ሳልይዝ አልወጣም።