ቮስቶክ እና ሜርኩሪ፦ መሪው በማን እጅ?

ሁለቱም የጠፈር መንኮራኩሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ሰው ይዘው ወደ ጠፈር ወጡ፤ የመሣሪያ ሰሌዳቸው ግን ለየቅል ነበር። በሶቪየቱ ቮስቶክ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ዓይን የሚስበው ግሎቡስ የተባለው ነው፤ ያለ ኮምፒውተር፣ በጥርሳም ጎማዎች ብቻ የሚዞር ትንሽ የምድር ሉል። መንኮራኩሩ ከየትኛው አገር በላይ እንዳለ ያሳያል። እኔ የሰዓት ሠሪ ጥበብ ነው እላለሁ።

የእጅ መሪው ግን ተቆልፎ ነበር። ክብደት አልባነት የአብራሪውን አእምሮ ሊያናውጥ ይችላል ተብሎ ስለተፈራ፣ መክፈቻው ቁጥር 125 በታሸገ ፖስታ ተቀመጠ። ደግነቱ ለመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ለዩሪ ጋጋሪን ቁጥሩን አስቀድመው ሹክ ብለውታል!

የአሜሪካው ሜርኩሪ ሰሌዳ በጠቋሚዎችና በማብሪያ ማጥፊያዎች የተጨናነቀ ነው። እርሱም ዲጂታል ኮምፒውተር አልያዘም፤ ስሌቱ የሚሠራው ምድር ላይ ነበር። መሪውን ግን ለአብራሪው ሰጠው። በ1962 አውቶማቲክ መቆጣጠሪያው ሲያስቸግር ጆን ግሌን በእጁ አበረረ። በ1963 ደግሞ ጎርደን ኩፐር ኤሌክትሪኩ ሲከዳው በእጅ ሰዓቱ ጊዜ እየለካ ተመለሰ። ለውበት ግሎቡስን፣ ለመሳፈር ግን ጠባብም ቢሆን ሜርኩሪን እመርጣለሁ።